ብራይት ፔኒ በየትኛው እጅ ትነዳ

ዶንካስተር፣ ኤፕሪል 15

ውድ ሰልዊን፣

የሠራሃት ትንሿ ሎኮሞቲቭ ብራይት ፔኒ፣ እንፋሎት የሚያመነጨው ቦይለሯ ቅዳሜ ዕለት ፈተናውን አልፏል።

ፐርሲ ትራንተር ቀዝቃዛ ውሃ ሞላትና በእጅ ፓምፕ ግፊቷን ከምትሠራበት እጥፍ አደረሰው። ሻይ አፍልተን ጠጥተን እስክንጨርስም እዚያው ላይ አቆያት። የመለኪያው መርፌ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከሥሯ ጋዜጣ አንጥፈን ነበር፤ እንደ ደረቀ አጥፈን አነሳነው። ፐርሲ መነጽሩን አውልቆ በብር የበየድካቸውን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ፣ «ዕድሜ ልኩን የሰው ጥርስ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው ይህን የበየደው?» አለ። አዎ አልነው። «እንግዲያው የኔን ጥርስ የሠራልኝ ሌላ ሰው መሆኑ ያሳዝናል» አለ። ከፐርሲ አፍ ምስጋና ሲወጣ አይተህ ስለማታውቅ ነው ቃሉን እንዳለ የጻፍኩልህ።

እሳት አልለኮስንባትም። የመጀመሪያውን እሳት የሚለኩሰውና የመጀመሪያውን ዙር የሚነዳው የሠራት ሰው ነው፤ በትንንሽ ሎኮሞቲቭ ሠሪዎች ክለባችን ይህ የተጻፈ ሕግ ባይሆንም ማንም ጥሶት አያውቅም። ፐርሲ ፈተናውን እንደጨረሰ ውሃውን አፍስሶ፣ አድርቆ፣ በብርድ ልብስህ ሸፍኗት ሄደ።

ስልክ ስደውል የምታነሳው ልጅህ ሎርና ናት። አንተ ከበስተኋላዋ «ተኝቷል በያት» ስትላት ይሰማኛል። የተኛ ሰው እንዲህ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ንግግርህ ቀስ ብሏል፣ ድምፅህ ግን ያው ነው። አልተቀየምኩህም። በስልክ ሊነገር የሚከብድ ነገር ስላለ ነው ወረቀት ያነሳሁት፤ ለራስህ ጊዜ እያነበብክ ልትቆጣም እንድትችል።

በኖቬምበር ቀኝ ጎንህን ከታመምክ በኋላ ባልቢ ያለው ቤትህ ተሽጦ፣ ሎርና ወደ ቴንማውዝ ልትወስድህ መኪናዋን ስትጭን፣ እኔና አምብሮዝ ከሁለት የክለቡ ሰዎች ጋር ብራይት ፔኒን ከጓሮህ ልናወጣ መጥተን ነበር። ያን ቀን የተናገርከውን ሁላችንም ሰምተናል። ቀኝ እጅህ ጭንህ ላይ ተቀምጧል፤ በግራህ የወንበሩን ጠርዝ ይዘሃል። «ሽጧት» አልክ። «የሚገዛት ካጣችሁ ፈታቷትና ብሎኗን ተከፋፈሉት።» አራት ሆነን ተሸክመን ስናወጣት ደግሞ ራስህን ወደ መስኮቱ አዞርክ።

ሎርና የታዘዘችውን አደረገች። በማርች ወር ከሃሮጌት አንድ ሚስተር ዴንሃም የሚባል ሰው ይዛ መጣች። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። ኮቱን አውልቆ የክለቡ ወለል ላይ ተንበረከከና በትንሽ የእጅ ባትሪ ከፊት እስከ ኋላ አያት። የነጂው ክፍል ውስጥ የሰቀልካትን ጣት የምታክል አካፋ ሲያይ ትንፋሹን ሳበ። ከትልቋ ብራይት ፔኒ ጋር የሚያነጻጽርባቸው የድሮ ፎቶዎችም ይዞ ነበር። የሚያስቀምጣት ቤቱ መግቢያ ላይ፣ መስታወት ውስጥ፣ ከላይዋ መብራት አድርጎላት እንደሆነ ነገረን። ከዚያም ደስ የሚያሰኝ ነገር የነገረን መስሎት ፈገግ አለና፣ «ቃሌን እሰጣችኋለሁ፤ በሕይወቷ እሳት አይነካትም» አለን።

ፐርሲ ኩባያውን አስቀመጠ። «ጌታዬ፣» አለው፣ «ሆዷ ውስጥ ያሉትን እነዚያን ሁሉ የመዳብ ቱቦዎች ሰውዬው የሠራቸው ታዲያ ለምን ይመስልሃል? መኮሮኒ ሊቀቅልባቸው?»

ሚስተር ዴንሃም ከልቡ ሳቀ። እሷን የሚያህል ነገር በእጁ እንዳይበላሽበት ስለሚፈራ እንደሆነም ነገረን። ከእኛ መሀል ያን ፍርሃት የማያውቅ የለም። ሎርና አባቴን ላናግርና መልስ እሰጥዎታለሁ አለችው፤ ቀንም ቆረጡ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ዴንሃም አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ሎርና ደወለችልኝ።

«እትዬ ኖራ፣ ዛሬ ቁርስ ላይ አባባ አንድ ነገር ጠየቀኝ» አለች።

«ምን አለሽ?»

«የቦይለሩ ፈተና መቼ ነው አለኝ። ለምን ፈለግከው ብዬ ስጠይቀው፣ ማን ፈለገው አለኝና ወደ እንቁላሉ ተመለሰ።»

ይኸው ነው። ሰው ሽጡልኝ ላለው ዕቃ የፈተና ቀን አይጠይቅም። ተሳስቼ ከሆነ ንገረኝ፤ ግን የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በማግሥቱ ረቡዕ ክለብ ውስጥ ጉዳዩን አነሳሁት። ቦይለሩ ይፈተን፤ ካለፈ ሰልዊን በሜይ የመጀመሪያው እሑድ የክለባችን ሐዲድ ሲከፈት መጥቶ ራሱ ይንዳት አልኩ። ሁሉም ተስማሙ። ወዲያው ደግሞ ሁሉም ወደ ማርሿ ተመለከቱ፤ ከዚያ በኋላ እርስ በርስ መተያየት ቀረ።

አንተ ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ የምጽፈው ነገሩን እኛ እንዴት እንዳየነው እንድታውቅ ነው። ሰው ከኋላዋ ባለው ዝቅተኛ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ሲነዳት፣ በግራ እጁ እንፋሎቱን ይከፍታል፣ በቀኝ እጁ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዛትን ማርሽ ይይዛል። ማርሹ ከነጂው ክፍል ቀኝ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው፤ ከግራ በኩል ክንድ ዘርግቶ መድረስ አይቻልም። ፐርሲ ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ ሞከረው። ትከሻው እስኪጣመም ተንጠራራና፣ «ወይ ሰልዊን ዝንጀሮ መሆን አለበት ወይ ማርሹ መዛወር አለበት» አለ።

እንግዲህ አምብሮዝ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

አምብሮዝን ታውቀዋለህ። ከዓመታት በፊት የከሰል ጋሪዋን ጨርሰህ ስታመጣት በማጉያ መነጽር አይቶ፣ ከኋላ በኩል አንድ ረድፍ ሪቬት፣ የላሜራ ማያያዣ ምስማር፣ ጎድሏል ያለህ እሱ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሳታናግረው ቆየህ፤ በዓመቱ ጋሪዋን እንደ አዲስ ሠርተህ አመጣሃትና ፊቱ አስቀመጥክለት። ቆጠረ፤ «አሁን ልክ ነው» አለ፤ ሻይ ቀዳህለት። ዕርቃችሁ ያ ነበር።

አሁንም ቆሞ፣ እጁን የሹራቡ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ የተናገረው ይህን ነው። የዚህች ዓይነት ሎኮሞቲቮች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነጂያቸው በቀኝ ይቆም ነበር። ወደ ግራ የተዛወሩት ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ብራይት ፔኒ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት። ሰልዊን የሠራት የሠላሳ ስምንቷን ነው። ቀለሟ የሠላሳ ስምንት ነው፣ ቁጥሯ የሠላሳ ስምንት ነው፣ ጋሪዋ ላይ ያለው ጽሕፈት የሠላሳ ስምንት ነው። ማርሿን ወደ ግራ ካዞራችሁ በዓለም ላይ ኖራ የማታውቅ ሎኮሞቲቭ ሠራችሁ ማለት ነው።

«አምብሮዝ፣ ሰውየው እጁ አይሠራም እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እናማ እሱ ራሱ ቢሆን ምን ይል ነበር? ለማንም ሰው ብሎ ማርሽ ያዛውር ነበር?»

አታዛውርም ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። ከእኛ ውጭ ያለ ሰው ይህን ቢሰማ ያበድን ይመስለዋል፦ የታመመ ወዳጃቸውን ከሥራው ጋር ለማገናኘት ተሰብስበው፣ በአሥራ ስድስት ዓመት የማርሽ ልዩነት ተጣልተው የሚለያዩ ሰዎች። ግን ያን ምሽት ተጣልተን ነው የተለያየነው። ፐርሲ አምብሮዝን ልብህ ከላሜራ ነው የተሠራው አለው። አምብሮዝም፣ የራስህ ሎኮሞቲቭ ጭስ ማውጫ ጠማማ ሆኖ ለሰው ልብ ደረጃ አታውጣ አለው።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሳላስፈቅድህ ነው ያደረግሁት። አምብሮዝን ወደ ቤቱ በመኪናዬ ስሸኘው፣ ስለ አባትህ አንድ ጊዜ የነገርከኝን ነገርኩት።

የክለቡን ኩባያዎች እያጠብን ነበር የነገርከኝ፤ አንተ እያጠብክ እኔ እያደረቅሁ። ብራይት ፔኒን ለምን የሠላሳ ስምንቷን እንደመረጥክ ጠይቄህ ነበር። አባትህ ያኔ ነጂዋ ነበር። እናትህ ድልድዩ ላይ አቁማህ፣ ባቡሩ ከታች ሲያልፍ፣ በቀኙ መስኮት ላይ የተደገፈውን የአባትህን ክርን ታየው ነበር። ፊቱን በጭሱ ምክንያት አታየውም፤ የምታውቀው ክርኑን ነው። ያን ነግረኸኝ ስታበቃ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ውሃውን ዘግተህ ስለ ሃምሳ አራት ነገርከኝ።

ሎኮሞቲቮቹ ወደ ግራ ሲዛወሩ አባትህ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በግራ እጁ የከፈተውን በቀኙ፣ በቀኙ የያዘውን በግራው ማድረግ ነበረበት። ለሥራ ባልደረቦቹ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ጠዋት ጠዋት ግን ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አቁሞ፣ የምድጃውን መቆስቆሻ ብረት በአንደኛው ላይ በገመድ አስሮ፣ ከግራ በኩል ቆሞ ሲከፍትና ሲዘጋ ታገኘው ነበር። እናትህ፣ «ሰውዬ፣ ቁርስህን በየት በኩል ላቅርብልህ?» ስትለው አልሳቀም። «እጄ ሞኝ ሆነብኝ» ነው ያላት። ከዚያ አንድ ቀን ብራይት ፔኒን ይዞ ለንደን ደርሶ ተመለሰ። ኮፍያውን ሰቀለና ለእናትህ፣ «ለንደን እዚያው ናት» አላት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ ወዲህ ተናግሮ አያውቅም አልከኝ። አንተም ከዚያ ወዲህ አልደገምከውም።

አምብሮዝ ቤቱ በር ላይ ከደረስን በኋላም ከመኪናው ሳይወርድ ቆየ።

«በሃምሳ አራትም እሱ ራሱ ነበር የሚነዳት?» አለኝ።

«እሱ ራሱ።»

«ከግራ?»

«ከግራ አልኩህ እኮ።»

«ይህን ለምን ስብሰባው ላይ አልተናገርሽም?»

«ምስጢሩ የሰልዊን ነዋ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ወረደ፣ ደህና እደሪም ሳይለኝ ገባ።

በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጣም። ፐርሲ የተቀየመው መስሎት ሊደውልለት ቁጥሩን ሲፈልግ አየሁት፤ እንዳላየኝ ሆኖ መዝገቡን ዘጋው። ከዚያ ባለፈው ቅዳሜ፣ ፈተናው ካለቀና ጋዜጣውን ካነሳን በኋላ፣ አምብሮዝ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። በአንድ እጁ ሁለት የቀለም ቆርቆሮ፣ በሌላው የተቋጠረ ካልሲ ይዟል። ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው፤ የግራ ማርሽ ነበር። ከነማቆሚያው፣ ከነመያዣ ጥርሶቹ፣ የሃምሳ አራቱን ፕላን ተከትሎ በቶርኖ አውጥቶ፣ በሞረድ ጨርሶታል። እጀታውን ሳየው ግን ከፕላኑ የወጣ ነገር አየሁበት። በትንሹ ወፍሯል፤ ሥራውን ላልለመደ ግራ እጅ እንዲመች። ለአምብሮዝ ይህን እንዳየሁበት አልነገርኩትም፤ አንተም አትንገረው።

ፐርሲ አንስቶ እየገለበጠ አየው። «አቋምህን ለወጥክ ማለት ነው» አለው።

«አንድም ነገር አልለወጥኩም» አለ አምብሮዝ። «ወይ ሠላሳ ስምንት ናት፣ ወይ ሃምሳ አራት ናት። ሃምሳ አራት ከሆነች ሙሉ በሙሉ ትሁን፤ ሽማግሌው አባቱ እጁን እያስተማረ የነዳት እሷ ናት።» ቆርቆሮዎቹንም ወደ መሀል ገፋቸው። ጥቁር አረንጓዴው ነው፤ የሃምሳዎቹ። «ከተስማማ እኔ ራሴ እቀባታለሁ። እሱ ተቀምጦ ስህተቴን ይቁጠር።»

ስለዚህ ሰልዊን፣ የምንጠይቅህ ይህ ነው። ቀላል እንዳልሆነም እናውቃለን። ያ ፖም የሚመስለው አረንጓዴ ቀለም ሁለት ክረምት ነው የፈጀብህ፤ በንብርብሮቹ መካከል አቧራ እንዳያርፍባት ጓሮህ ባለችው የሥራ ክፍል ሸሚዝህን አውልቀህ ትሠራ እንደነበር ሎርና ነግራኛለች። ማርሹ ወደ ግራ ከዞረና ቀለሙም ከተለወጠ፣ ድልድዩ ላይ ሆነህ ያየሃት ሎኮሞቲቭ አትሆንም። ክርኑ በሌላ መስኮት ነው የሚሆነው። ማርሹ ብቻ ዞሮ ቀለሙ ይቆይ ካልክ ደግሞ ትክክል እንዳልሆነች አንተም እኛም እያወቅን ትነዳታለህ። እኔ ብጠየቅ ይህን ነው የምመርጠው፤ አምብሮዝንም እስኪለምደው ድረስ በአካፋ እያባረርኩ አርቅልሃለሁ። ምንም አትንኩብኝ ካልክም አንነካትም፤ እንዳለች፣ በሠላሳ ስምንትነቷ፣ ወደ ሃሮጌት ትሄዳለች። ሚስተር ዴንሃም በደንብ እንደሚይዛት አልጠራጠርም። አንድም ቀን ግን አትሞቅም።

እጅህ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽህም። ሐኪሙ ለሎርና ያላትን ነግራኛለች። የመጀመሪያው ዙር አያምርም። ማርሹን ያዝክ፣ ለቀቅክ፣ እንፋሎቱን ከፈትክ፤ ሁሉን በአንድ እጅ ነው፣ ይዘገያል። ፐርሲ አጠገብህ እየተራመደ ይሄዳል፤ ካላዘዝከው አይነካትም፣ አስምዬዋለሁ። ከሰሉን መጨመርም በግራ ነው፤ መጀመሪያ መሬት ላይ ብዙ ይፈስሳል። የሚስቅብህ ይኖራል፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ፣ የእኔን የመጀመሪያ ዙር ስነዳ ማን እንደሳቀብኝ አልረሳሁትም። ሎርና አልጋ የሚያስፈልግህ ምድር ቤት መሆኑን ነግራኝ የፊተኛውን ሳሎኔን አዘጋጅቻለሁ። ባቡር ጣቢያም እኔ ነኝ የምቀበልህ።

መልስህን በረጅሙ እንድትጽፍ አልጠብቅም። ቀኝ ወይም ግራ ብለህ አንድ ቃል ጻፍልኝ። ግራ ካልክ፣ ቀለሙን በተመለከተ ሁለተኛ ቃል ጨምር። በግራ እጅህ ጻፈው፤ የቀኝ እጅህንም ጽሕፈት ያነበበ ሰው አላጋጠመኝም።

አምብሮዝ የነጂው ክፍል ግራ ግድግዳ ላይ፣ ማቆሚያው የሚታሰርበትን ሁለት ነጥብ በእርሳስ ምልክት አድርጎበታል። በጨርቅ የሚጠፋ እርሳስ ነው። መብሻው ትራፓኖ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ሶኬቱን ነቅሎ መሳቢያዬ ውስጥ እንዳስቀምጠው ሰጥቶኛል። ሎርና ለሚስተር ዴንሃም የመጨረሻውን መልስ የምትሰጠው ሰኞ፣ ኤፕሪል 28 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አይበሳትም።

ወዳጅህ፣
ኖራ ኦልድሮይድ